ለእኔ ብቻ ወይስ ለሁሉም?

«ፎርማት ነው መፍትሔው» አለ ቃልአብ ንፍሮውን እየቆረጠመ።

እህቱ ማዕዛ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። እናታቸው ዘውዲ እዚያው ሳሎኑ ፍራሽ ላይ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከለቀስተኞች ጋር ተቀምጣለች።

«ቀስ በል እንጂ፣ ትሰማሃለች!»

«ብትሰማስ? አባዬ ፓስወርዱን ይዞት ሄደ። የጥልፍ ፕሮግራሙን የጫነው ለራሱ አካውንት ብቻ ነው። በእሱ ስም ካልተገባ አይከፈትም፤ ዲዛይኖቹም እዚያው ውስጥ ናቸው።»

«ፎርማት ሲደረግስ?»

«ሁሉም ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ግን ይሠራል» አለ፣ የምሥራች ያበሰረ መስሎት።

ሁሉም ማለት እኮ የእናቷ ዕድሜ ነው! ዘውዲ ከሲኤምሲ እስከ ገርጂ ስንቱን ሙሽራ ያለበሰች ጥልፍ ሠሪ ናት። ሐረጉን፣ አበባውን፣ መስቀሉን ኮምፒውተሩ ላይ ትነድፋለች፤ ከዚያ በፍላሽ ይዛ ሰርቪስ ቤት ወዳለው ማሽን ትወስዳለች፤ ማሽኑ ይጠልፋል። አሁንም የጎረቤታቸው የብርነሽ ልጅ ፊዮሪ ለጥር ሠርጓ የምትለብሰው ቀሚስ ንድፉ ተጀምሮ ቆሟል። ማዕዛን ያስጨነቃት ግን ቀሚሱ ብቻ አልነበረም። ለቅሶው ሲያልቅ እሷ ለሚ ኩራ ወዳለው ቤቷ፣ ቃልአብም ወደ ሥራው ይሄዳል። እናቷ በዚህ ሰፊ ቤት ብቻዋን ትቀራለች። ያ ሁሉ ንድፍ ከጠፋ፣ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳት ምን ይኖራታል?

ሟቹ አባታቸው ይሕደጎ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ክፍል ውስጥ የለመደውን አለቅነት ቤታቸው ኮምፒውተር ሲገባም አልተወውም። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ቃልአብ የማዕዛን የቤት ሥራ አጥፍቶ ቦታውን በጌም ሞላው፤ ቤቱ በለቅሶ ቀለጠ። በማግሥቱ ይሕደጎ ለእያንዳንዳቸው አካውንት ከፈተ። ለዘውዲም ጭምር።

«ሰው በየራሱ በር ይግባ!» ብሎ አወጀ።

ዋናው ቁልፍ ግን እሱ ዘንድ ነው። አዲስ ፕሮግራም በጫነ ቁጥር ኮምፒውተሩ «ለእርስዎ ብቻ ወይስ ለሁሉም ተጠቃሚ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ እሱም መነጽሩን አፍንጫው ላይ ዝቅ አድርጎ «ለእኔ ብቻ» የሚለውን ይመርጣል። «ለሁሉም ካልኩማ ማን አባዬ ብሎ ይጠራኛል?» እያለ ይስቃል። ስለዚህ ያ ቤት ውሎ አዳሩ «አባዬ፣ ክፈትልኝ!» ነበር። ልጆቹ አድገው የየራሳቸውን ላፕቶፕ ይዘው ሲወጡ የዘውዲ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ይሕደጎ! ና ክፈትልኝ!»

«ሴትዮ፣ ዜና እያየሁ ነው እኮ!»

ነጠላ ጫማውን እየጎተተ፣ እያጉረመረመ ይመጣል። ከፍቶላት ግን አይሄድም። ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ይቀመጥና «ይሄ አረንጓዴ አልበዛም?» ይላል። ስለ ቀለም ምንም አያውቅም፤ ምስኪን። እሷም እንደማያውቅ እያወቀች አረንጓዴውን ትቀንስለት ነበር።

ብርነሽ ሻይ የያዘውን ትሪ አስቀምጣ ወደ ማዕዛ ጆሮ ተጠጋች።

«ማዕዚዬ፣ በሞቴ ስለ ቀሚሱ እንዳታነሺባት። በዚህ ሐዘን ላይ! እኛ ሌላ ቦታ እናሠራለን።»

«አንቺ ብርነሽ» አለች ዘውዲ ከፍራሹ ላይ፣ «ሹክሹክታሽ እስከ ኢምፔሪያል አደባባይ ይሰማል። ፊዮሪ የምትለብሰው የኔን ነው።»

ለቀስተኛው ሳቅ አመለጠው። ይሕደጎ ቢኖር ከሁሉም ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነበር።

ቃልአብ ዕድሉን አገኘ። «በምን ፕሮግራም እማዬ? እስቲ ያንቺን አካውንት ፓስወርድ ንገሪኝና ልሞክር።»

«እኔ ምን አውቄ! አባታችሁ አይደል የሚያስገባልኝ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ማዕዛ «አለቀ በቃ» ብላ አሰበች።

በሠልስቱ ከሰዓት የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን እያፈረሱ ነበር። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሽፈራው ግቢው ውስጥ ያዝዛሉ፤ ብረት ይንኳኳል። ማዕዛ የሰው ብርድ ልብስ ለመመለስ ወደ ጓዳ ገባች። ፍራሽ ሲነጠፍ ኮምፒውተሩን ያዛወሩት እዚያ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የማውስ ድምፅ ይሰማል፤ ጠቅ፣ ጠቅ።

«እማዬ!»

ዘውዲ ከረሜላ ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ ደነገጠች። ስክሪኑ ላይ የፊዮሪ ቀሚስ ሐረግ ተዘርግቷል።

«እንዴት ገባሽ? በአባዬ?»

«በራሴ።»

«ባንቺ አካውንት ፕሮግራሙ አለ እንዴ?»

«አለ እንጂ። እናንተ ከቤት ስትወጡ ሰውዬው ልቡ ራራ። ‹ለሁሉም› ብሎ እንደገና ጫነው። ንድፎቼን ሁሉ ወደኔ አዛወረልኝ፤ ፓስወርድ ማስገባቱንም አሳየኝ። በአንድ ቀን ነው የያዝኩት።»

ማዕዛ እፎይ አለች። ወዲያው ደግሞ ግራ ገባት።

«ታዲያ ሰሞኑን ስደውልልሽ እንኳ ‹ይሕደጎ ና ክፈትልኝ› እያልሽ ስትጮሂ አልነበር?»

«ካልጠራሁት መቼ ሊመጣ! ያ ቴሌቪዥን ፊት ተጎልቶ ነው የሚውለው። ክፈትልኝ ስለው ይመጣል፤ ከመጣ ደግሞ አይነሳም።»

«ማወቅሽን አያውቅም ነበር?»

«አንቺ ደግሞ! ራሱ አስተምሮኝ? አንድ ቀን እንኳ ‹ራስሽ ክፈቺው› ብሎኝ አያውቅም። እያጉረመረመ ይመጣል።» ዘውዲ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ።

«ለቃልአብ ለምን ዋሸሽው? ሊያጠፋው ነበር እኮ!»

«ይቅርታ፣ ልጄ። ብቻዬን ስከፍተው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። እችላለሁ ካልኳችሁ፣ ከእንግዲህ ማንን ክፈትልኝ ልበል?» ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጫነች። «ናፈቀኝ፣ ማዕዛ። ገና ሳይቆይ ናፈቀኝ።»

ማዕዛ ብርድ ልብሱን ጥላ አቀፈቻት። አብረው አለቀሱ፤ የለቅሶ ቤቱ ትልቅ ለቅሶ ያኔ ነበር፣ ማንም አልሰማውም። ከዚያ ዘውዲ አፍንጫዋን ጠርጋ ወደ ስክሪኑ አየች።

«አረንጓዴው አልበዛም?»

ሁለቱም ሳቁ።

ቃልአብ በሩን በርግዶ ገባ፤ እጁ ላይ ፍላሽ ይዟል። «ሁሉን ነገር ጭኜ መጣሁ! ፎርማት ላድርገው?»

«ፍላሽህን ኪስህ ክተት» አለችው ማዕዛ። «አባዬ ለሁሉም ብሎ ጭኖት ኖሯል።»

ቃልአብ ፍላሹን አገላብጦ አይቶ ኪሱ ከተተ።

ለቀስተኛው ሳስቶ ቤቱ ጭር ሲል፣ ማዕዛ ቦርሳዋን ይዛ ሳሎኑ መሃል ቆመች። ኮምፒውተሩ ወደ ጥንት ቦታው ወደ መስኮቱ ሥር ተመልሷል፤ አጠገቡ ሁለት ወንበሮች አሉ። እናቷን ስማ ተሰናበተች፤ ቃልአብ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃታል። እጇ የበሩ እጀታ ላይ ሲያርፍ ከኋላዋ ድምፅ ሰማች።

«ማዕዛ! ነይ ክፈቺልኝ!»

ዞር አለች። ዘውዲ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራለች። ስክሪኑ ላይ ስሟ ተጽፎ ፓስወርድ ይጠብቃል። ወደ ልጇ አልዞረችም።

ማዕዛ ቦርሳዋን በሩ ሥር አስቀመጠች።

«ሴትዮ፣ መንገድ ልወጣ ነው እኮ!» አለች እያጉረመረመች፤ እግሯን እየጎተተች ሄዳ የአባቷን ወንበር ሳበች።