ሳቂያው አይነሳም

ሳቂያው ሊነሳ ነው የተባለ ዕለት የአሶሳ ግማሹ አለቀሰ፤ ሌላው ግማሽ የአልቃሾቹን ጽሑፍ ሼር አደረገ። እኔ ከሁለቱም ውስጥ አልነበርኩም። ብረት ያረጃል፣ ይነሳል፣ በቦታው ሌላ ይተከላል። ምሕንድስና ተምሬ ይህን ካላመንኩ የተማርኩት በከንቱ ነው። ያሳሰበችኝ እህቴ ሎዛ ብቻ ነበረች።

ሳቂያ የምንለው በመናፈሻው ጥግ፣ ከማንጎ ዛፎቹ ጎን የቆመውን በእጅ የሚዞር ትልቅ መንኮራኩር ነው። እንደ ሣጥን ያሉ አራት መቀመጫዎች ተንጠልጥለውበታል፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ከቆርቆሮ ጣሪያዎቹ በላይ ይወጣል። ሞተር የለውም። ዐወድ የሚባል ሰው ብረቱን እየጎተተ ያዞረዋል፤ ተራ የሚጠብቀውም ሰው ያግዘዋል። ታች ቆሞ ያላገዘ፣ ተራው ደርሶ ሲወጣ ከታች ስድብ ይከተለዋል። የሠሩት የዐወድ አባት ናቸው። የኩርሙክ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ሱዳን ውስጥ ውኃ የሚስብ መንኮራኩር አይተው ስሙን ይዘው መጡ፤ ብረቱን ደግሞ ከወዳደቁ የጭነት መኪናዎች ለቃቀሙት። አሶሳ ያደገ ሰው እዚያ ላይ ወይ ጮኋል፣ ወይ አስመልሶታል፣ ወይ አፍቅሯል።

ሎዛ ታላቄ ናት። ገና በሕፃንነቷ ማጅራት ገትር ታማ ከወገቧ በታች መንቀሳቀስ አቆመች። ከዚያ ወዲህ የምትኖረው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው። ደረጃ ካለበት ቦታ ሁሉ ወይ ትቀራለች ወይ እንደ ጆንያ ትነሳለች፤ ሁለተኛውን ስለምትጠላ አብዛኛውን ጊዜ ትቀራለች። ሳቂያው ላይ ግን ማንም አያነሳትም። ዐወድ ከአራቱ ሣጥኖች የአንዱን በር ቆርጦ አስፍቶላታል፣ መቀመጫውንም ከወንበሯ ጋር እኩል እስኪሆን ዝቅ አድርጎታል። በክንዷ ተደግፋ፣ ራሷን ችላ ትሻገራለች። እሁድ ከቸርች እንደወጣን በቀጥታ ወደዚያ እገፋታለሁ።

«ሜትሮሎጂ መጣ» ይላል ዐወድ ገና ከሩቅ ሲያያት። «ዛሬ ዘገየ።»

የቤቱ ቋንቋ በርታ ነው፤ በአማርኛው ሎዛን ሴት አድርጎ አያውቅም።

«ስንት ዓመት ታውቀኛለህ፣ አሁንም ወንድ ነኝ?» ትለዋለች።

«ሴት እንደዚህ አይከብድም» ይላታል ብረቱን እየጎተተ።

ሜትሮሎጂ ያላት ወዶ አይደለም። ከላይ ስትደርስ ብረቱን በትከሻው ደግፎ ያቆምላታል፤ እሷም የምታየውን ሁሉ እየጮኸች ታወራልናለች። ጋራዡ ጣሪያ ላይ ፍየል ወጥታለች። የእነ እገሌ ቆርቆሮ ተገንጥሏል። የጎረቤታችን ልጅ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ማንን እንደሚያነጋግር። አንድ እሁድ በሆሞሻ መንገድ በኩል ዝናብ ሲመጣ አይታ መናፈሻውን በሙሉ አስጠነቀቀች። ሰማዩ እኛ ባለንበት ጥርት ያለ ስለነበር ሳቁባት፤ ጥቂት ቆይተው እንደበሰበሱ ከዛፉ ሥር ቦታ ተሻሙ።

መናፈሻውን የተከራዩት አቶ ለገሰ የሚባሉ ነጋዴ ናቸው። በሩ ላይ አዲስ የሚያስመጡትን መጫወቻ ፎቶ አሰቀሉ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ዝሆንና አውሮፕላን ያለው፣ ከነመብራቱና ከነሙዚቃው። ሳቂያው ይፈርሳል አሉ። ያን ዕለት ማታውኑ ወንድምአገኝ የሚባለው የሠርግ ፎቶ አንሺ ቴሌግራም ላይ «ሳቂያችን አይነሳም» የሚል ግሩፕ ከፈተ። ሰው እንደ ጉንዳን ገባበት። ኬሚስትሪ ያስተማሩኝ መምህርት ወርቅአፈራሁ ባለቤታቸው ለጋብቻ የጠየቋቸው ላይኛው ሣጥን ውስጥ እንደነበር ረጅም ጽሑፍ ጻፉ። አንዱ በልጅነቱ ከካማሺ ድረስ በዚያ መንገድ እየተንገላታ የመጣው ለሳቂያው ሲል እንደነበር ተናገረ። አዲስ አበባ ያሉት ደግሞ የሚያለቅስ ፊት ብቻ ይልካሉ።

እኔ አንብቤ መዝጋት ነበር ሐሳቤ። ሎዛ ስልኬን ከእጄ ወሰደችና ለአስተዳደሩ ሊገባ የተረቀቀውን አቤቱታ አነበበች። ሦስት ገጽ ሙሉ ትዝታ ነው። የሚጠይቀው ነገር የለም።

«ወይ አንቺ ጻፊላቸው፣ ወይ በጀርባሽ አዝለሽ ጣሪያ ላይ አውጪኝ» አለችኝ።

መጻፉ ይቀላል ብዬ ጻፍኩ። በመጀመሪያ ግን ሄጄ ከዐወድ ጋር ሳቂያውን መረመርኩ። ዋናው ዘንግ ጤነኛ ነው። ብየዳው ሻካራ ቢሆንም ጠንካራ ነው። መለወጥ ያለባቸው ያረጁ ብሎኖች አሉ፤ ገበያ ላይ ይገኛሉ። ይህንኑ በአጭሩ አስቀመጥኩ፤ ይጠገን፣ መዞሩን ይቀጥል። ግሩፑ ላይ ሲለጠፍ ሁሉም ልብ ላከልኝ። ማንበባቸውን እጠራጠራለሁ።

ስብሰባው መናፈሻው ውስጥ በድንኳን ሥር ተጠራ። ሰው ሞልቶ ተርፎ ነበር። ሎዛን ወንበሯ እንዲመች ከፊት አደረግኳት። አቶ ለገሰ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ስል እየተናደድኩ ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ሁሉንም ሰሙ። መምህርት ወርቅአፈራሁ ተናግረው ሳይጨርሱ እንባ ሲቀድማቸው አቶ ለገሰ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ተነሡና ሕዝቡ እንዲህ የሚወደውን ነገር አላፈርስም፣ ሳቂያው አይነሳም አሉ።

ድንኳኑ ሊፈርስ ደረሰ። ወንድምአገኝ ካሜራውን አንጠልጥሎ መጥቶ አቀፈኝ። ሎዛ ጭብጨባው ሲያልፍ በትዕግሥት ትጠብቅ ነበር፤ ሰውየው ንግግራቸውን እንዳልጨረሱ ከሁላችን ቀድሞ የገባት እሷ ናት።

አቶ ለገሰ ቀጠሉ። አዲሱ መጫወቻ ከጎኑ ይተከላል። ሳቂያው ደግሞ ቀለም ይቀባል፣ በዙሪያው ቆንጆ አጥርና መብራት ይደረግለታል፣ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡበት ይሆናል። አይዞርም ግን። ሰው ቢወድቅ ተጠያቂው እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ በብየዳ ይታሰራል። ዐወድ በደመወዝ ጠባቂ ሆኖ ይቀጠራል።

እንደገና ተጨበጨበ። ከበፊቱ ይበልጥ።

ተነሣሁ። የጻፍኩትን አነበባችሁት ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ብሎን ነው የሚያስፈልገው፣ ብየዳ አይደለም አልኩ። ታስሮ የቆመ ሳቂያ የፎቶ መደገፊያ እንጂ ሳቂያ አይባልም አልኩ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ነበር።

አቶ ለገሰ አልተቆጡም።

«ልክ ሊሆን ይችላል፣ ልጄ» አሉኝ። «ግን ማን ይወጣበታል?» ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «እስቲ ዘንድሮ ሳቂያው ላይ የወጣ እጁን ያውጣ።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንዳንዱ ፈገግ አለ። ወንድምአገኝ የካሜራውን ማንገቻ ያስተካክል ጀመር። መምህርት ወርቅአፈራሁ እጃቸውን መሐረባቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ከፊት አንድ እጅ ወጣ። የሎዛ ነው።

ከኋላ አንዱ «ጎበዝ!» አለ። ሌሎች በፍቅር ሳቁ። ተጨበጨበላትም።

ለእሷስ ምን ታስቧል ብዬ ጠየቅኩ። አዲሱ ለሕፃናት የተሠራ ነው፤ በደረጃ ነው የሚወጣበት፤ ትልቅ ሰው አይችልም አልኩ። አቶ ለገሰ ለወንበሯ እስከ አጥሩ ድረስ የሲሚንቶ መንገድ ሊያሠሩላት ቃል ገቡ። ይህም ተጨበጨበለት። እኔ መናገሬን ልቀጥል ስል መምህርት ወርቅአፈራሁ ቀሚሴን ጎተት አደረጉኝ። ዓይናቸው ገና እርጥብ ነው፣ ፊታቸው ግን አብርቷል።

«ኡርጂዬ፣ አሸንፈናል እኮ» አሉኝ። «ተቀመጪ።»

አልተቀመጥኩም። ያን ጊዜ ሎዛ ዞር ሳትል «ታኢ» አለችኝ፣ ቤት ውስጥ በምናወራበት ኦሮምኛ። ተቀመጪ ማለቷ ነው። እሷ ስትለኝ ተቀመጥኩ።

ዐወድ በር ላይ ጠበቀን። ፊቱን ወደ ሎዛ ማቅናት አልቻለም። ትከሻው መታመሙን፣ ከእሁድ በቀር ልጆች ብዙ እንደማይመጡ፣ ከአሁን በፊት ደመወዝ የሚባል ነገር አይቶ እንደማያውቅ ነገረን። ነገሩ ሁሉ እውነት ነው። ሎዛ እንኳን ደስ ያለህ አለችው፤ ከልቧም ነበር። እሱ ግን ብየዳው በሚቀጥለው ሳምንት ስለሆነ እሁድ ኑ አለ፤ እስክትጠግብ ድረስ ላይ እንደሚያቆማት ቃል ገባ።

«ወላሂ፣ ሎዛ፣ እስኪመሽ» አላት።

የዚያን ሳምንት መብራት ጠፍቶ ከረመ። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ መጣ። በያጅ ደግሞ መብራት ሲመጣ ቀን አይመርጥም፤ ከመጥፋቱ በፊት ያገኘውን ሁሉ ይበይዳል። እኛ ብየዳው ማለቁን ያወቅነው እሁድ ደርሰን ነው። ሳቂያው ታጥሮ ሰማያዊና ቢጫ ተቀብቷል፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። በሩ የሰፋው የሎዛ ሣጥን ታች ነው ያለው። ወንድምአገኝ ነው የመረጠው፤ የሙሽራ ቀሚስ የሚበቃው እሱ ብቻ ነው ብሎ።

ዐወድ አዲሱን የጥበቃ ልብስ ለብሶ ቆሟል። ስልክ ሊደውልልን ፈልጎ እንዳልቻለ፣ በያጁን ትንሽ ቆይ ብሎ እንደለመነው ተናገረ። ሎዛ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ምንም አይንቀሳቀስም ወይ ብላ ጠየቀችው። ትከሻውን ብረቱ ላይ አሳርፎ ገፋ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገታተረ። እኔ ትዕግሥት ስለሌለኝ አጥሩን ዘልዬ ከጎኑ ያዝኩና አብሬው ጎተትኩ። እጄ ላይ ሰማያዊ ቀለም ቀረ። ሌላ የሆነ ነገር የለም።

«በቃ፣ ተዉት» አለች ሎዛ።

ቤት ስንደርስ ምሳ በላች፣ አባዬን አሳቀችው፣ ሰሐኗን አጠበች። እንደ ሌላው ቀን ነበረች። የሚቀጥለው እሁድ ግን ከቸርች ስንወጣ ወደ ቤት አለችኝ። ከዚያ የሚቀጥለውም እንዲሁ። ኋላ እሁድ ቤት መዋል ጀመረች፤ ዝማሬውን በስልክ እሰማለሁ አለች። መስኮቷ የሚያሳየው የጎረቤትን ግንብ ነው። መጋረጃውን አትከፍተውም።

አባዬ ጃለታ ነገር ማባባስ የማይወድ ሰው ነው፤ ነገር ማስተካከል ግን ይወዳል። አንድ ቀን ሳይነግረን አቶ ለገሰ ጋ ሄደ። እሳቸውም በደስታ ፈቀዱ፤ ሎዛ በፈለገች ሰዓት መጥታ ሣጥኑ ውስጥ ትቀመጥ፣ ማንም ክፍያ እንዳይጠይቃት። አባዬ ይህን ሲያበሥራት ፊቱ እንደ ልጅ ሆኖ ነበር። ልታሳዝነው አልፈለገችም። ሻርፕ አስመረጠችኝና ወጣን። እሱ ራሱ ገፋት።

አጥሩ ተከፈተላት። በክንዷ ተደግፋ ተሻገረች፣ ሣጥኑ ውስጥ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ከጎን አዲሱ መጫወቻ ዝሆኖቹን እያዞረ ይዘፍናል። ዐወድ ሸሽቶ ማንጎው ሥር ቆሟል።

«እንዴት ነው?» አላት አባዬ።

«ጥሩ ነው፣ አባዬ።»

እዚያ ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም። የምታየው አልነበረም፤ ፊት ለፊቷ ያለው የአጥሩ ብረት ነው። በመሃል የሠርግ መኪኖች ደረሱ። ወንድምአገኝ ካሜራውን ይዞ ቀድሞ ገባ፣ ሎዛን ሲያይ ቆመ። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ ምንም አትቸኩሉ፣ ፀሐይዋ ሳታልፍ ብቻ ብሎ አንሾካሾከልኝ። ሙሽራዋ ጭቃው እንዳይነካት ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ በዚያ ረጅም ታኮ ጫማ፣ ከነሚዜዎቿ ከአጥሩ ውጭ በትሕትና ትጠብቅ ነበር።

«ግቡ» አለች ሎዛ። «እኔ ጨርሻለሁ።»

ወንበሯን አቀረብኩላት፤ ተሻገረች። ሙሽራዋ ስታልፍ ጎንበስ ብላ ሎዛን ጉንጯን ሳመቻት። ከባምባሲ የመጣች፣ ገና ልጅ የምትባል ናት።

«ይኼ ነገር ድሮ ይዞር ነበር ይባላል» አለቻት። «እውነት ነው?»

አባዬ ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ሎዛ ቀደመችው።

«እንጃ» አለች። «አላስታውስም።»

አባዬ ወንበሩን ወደ በሩ አዞረና፣ ሚዜዎቹ መንገድ እስኪለቁለት ጠብቆ ገፋት።