መደቡ ላይ የተተከለው ድንኳን

«እዚያ ላይ አይደለም! እባካችሁ፣ እዚያ ላይ አይሁን!»

ጀዊሪያ ከቤት ስትወጣ የቅሬው፣ የመንደሩ የቀብር ዕድር፣ ሰዎች የድንኳኑን የመጀመሪያ ካስማ ሽንኩርቱ መሀል እየመቱ ነበር። የቅሬው ዳኛ ጋሼ ታሂር ወጣቶቹን በእጁ አስቆማቸው።

«ታዲያ የት እንትከለው የኔ ልጅ? ከዚህ ሌላ ሜዳ የላችሁም። ወንዱ ከቀብር እየተመለሰ ነው፤ በዚህ ፀሐይ ሜዳ ላይ ይቀመጥ?»

«ችግኙን ነቅዬ ወደ ዳር ላዛውረው፤ ትንሽ ጠብቁኝ።»

ከቀብሩ ቀድሞ የተመለሰው ታናሽ ወንድሟ በድረዲን ክንዷን ያዘ። «እትዬ፣ ተይ። እናታችን አፈር ገብታ ሳታድር አፈር ስትጭሪ ሰው ምን ይላል? ለሽንኩርቷ አለቀሰች ይሉሻል።»

ጋሼ ታሂር ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው። የሰማው ግን ወንዱን ነው። ድንኳኑ ተተከለ።

ሮቢት ላይ ጥቅምት ሲገባ፣ መሬቱ የክረምቱን እርጥበት ሳይጨርስ፣ ሽንኩርት ከፈላበት ተነቅሎ በየመደቡ ይተከላል። እናታቸው ኡሙልኸይርም የተከለችው ልትሞት ሳምንት ሲቀራት፣ ትኩሳት ይዟት፣ በጉልበቷ እየዳኸች ነበር።

ቤት ውስጥ ሴቶቹ በሹክሹክታ ያወጋሉ።

«እኔ በርበሬ ያለኝ በእሷ ችግኝ ነው» አለች ጎረቤቷ እማ ሀጀራ። «ድንኳን ውስጥ ካለው ወንድ የእሷን ጎመን ያልበላ ማን አለ?»

«አሁን ደግሞ ይረግጠዋል» አለች ጀዊሪያ።

እማ ሀጀራም፣ «እሷ ብትኖርማ ማን ደፍሮ!» አለች። «የኔ ባል በመደቡ አቋርጦ ሲያልፍ አንድ ጀሪካን ሙሉ ውሃ አልደፋችበትም? እንደ ራሰ ዶሮ እየተንጠባጠበ ገባ እኮ!»

ሴቶቹ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳቁ። ጀዊሪያ አልሳቀችም። ያንን ውሃ የተሸከመችው እሷ ነበረች።

አባታቸው ሲሞት ሰባተኛ ክፍል ነበረች። «አንዳችሁ ትማራላችሁ፣ አንዳችሁ ውሃ ትቀዳላችሁ» አለች እናቷ፤ ማን የቱን እንደሚይዝ መናገር አላስፈለጋትም። ጀዊሪያ አስፋልቱን ይዛ ጀሪካኗን ስትጎትት፣ ቆቦ የሚማረው በድረዲን በሚኒባስ ያልፋታል፤ በመስኮቱ እጁን ያውለበልብላታል። ከዚያ መደቡ ጋ ስትደርስ የእናቷ ቁጣ ነው፦ «አትድፊ! አጠጪ!» እጇን ቸብ ታደርጋታለች። ጀዊሪያ ይህን መሬት ጨው ያድርገው ብላ ስንቴ ረግማዋለች። ግን አጠጣችው። ልጁም ተማረበት፤ ደሴ ቢሮ ገባበት።

ሽንኩርቱ ተተክሎ ባለቀበት ቀን ኡሙልኸይር የጀዊሪያን መዳፍ ይዛ አገላብጣ አየችው። የጀሪካን እጀታ ያደነደነውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች።

«ውሃ ጨምሪ» አለች።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሳ። መደቡ አውድማ ሆኖ ነበር። በድረዲን ጋሼ ታሂርን ይዞ በአስፋልቱ በኩል በእርምጃ እየለካ፣ «ሁለት ሱቅ አያጣም» አለ። «ነገ ግንበኛ አመጣለሁ።»

«እኔስ?» አለች ጀዊሪያ። «የምኖርበት ይኼ እኮ ነው። ከዚህ ሌላ ምን አውቃለሁ?»

«እትዬ፣ ላንቺም እኮ ብዬ ነው። ውሃ ከመሸከም ላሳርፍሽ።»

«አሁን?»

በድረዲን ጫማው ላይ የተጣበቀውን አፈር አራገፈ። ጋሼ ታሂርም ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «በሉ፣ በዱዓ እንለያይ» ብሎ ሰውን ሰበሰበ።

ጀዊሪያ ወደ ሰዉ አልሄደችም። መደቡ ላይ ተንበረከከች። ከተረገጠው ሁሉ አንድ ሽንኩርት አገኘች፤ ተኝቷል እንጂ አልተሰበረም። ቀና አደረገችው፤ ወደቀ። ደግማ አቃናችውና ሥሩን በጣቷ ደገፈችው።

ሰዉ ሁሉ መዳፉን ዘረጋ።

«እትዬ፣ እጅሽን» አለ በድረዲን በሹክሹክታ።

አንድ እጇን ዘረጋች። ሌላውን አላነሳችም። ጋሼ ታሂር የኡሙልኸይርን ስም ጠርቶ ዱዓውን እስኪጨርስ፣ ጣቷ አፈሩ ውስጥ እንዳለ፣ በአንድ መዳፏ አሚን አለች።