በአየር የተላኩ ሽማግሌዎች

ወሬውን ጓደኛዬ ካሴ የነገረኝ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያውም ከጎሬ፣ በራዲዮ፣ ግማሹ እየተዋጠ። «ሰኞ ሽማግሌ ሊገባ ነው» አለኝ። የማን ሽማግሌ የማን ቤት እንደሚገባ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የስሜነሽ አባት ግራዝማች ባምላኩ በዳኝነት ወደ ጎሬ ከተዛወሩ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ እዚያ ያለ አንድ የቡና ነጋዴ ስሜነሽን ለልጁ ሊጠይቅ እንደሚያስብ ካሴ ቀድሞም ሹክ ብሎኛል። ግራዝማች ደግሞ በችሎትም በቤታቸውም ሕጋቸው አንድ ነው ይባላል፤ ቀድሞ የቀረበ ቀድሞ ይታያል።

ከደብረ ማርቆስ ጎሬ፣ መንገዱ ቢቀና እንኳ፣ በአውቶቡስ አምስት ቀን ይፈጃል። እኔ የቀረኝ ሦስት ነው። ስልክ አለ ቢባልም ስልክ የሚያገለግለው ለአንድ ጆሮ ነው፤ ሦስት ሽማግሌ በአንድ እጀታ ተሻምተው ልጅ ሲጠይቁ አይታየኝም። ቴሌግራምማ ባይነሳ ይሻላል። ግራዝማችን የሚያውቅ ሰው «ልጅዎን ይስጡኝ» የሚል ብጣሽ ወረቀት በፖስተኛ አይልክላቸውም። ስለዚህ እሑድ በሰባት ሰዓት፣ እንደ ወትሮው ከካሴ ጋር በምንገናኝበት ሰዓት፣ ሽማግሌዎቼን በራዲዮ ልልክ ወሰንሁ። ዘመኑ ስድሳ ሁለት፣ ወቅቱ ሁዳዴ፣ ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ነበር፤ ለሁሉም ነገር መላ ያለው ይመስለኛል።

ራዲዮውን እኔና ካሴ ኮሌጅ ሳለን መንትያ አድርገን የሠራነው ነው። እሱ ጎሬ፣ እኔ ደብረ ማርቆስ የሳይንስ መምህር ሆነን ስንመደብ አንዱን እሱ ወሰደ፣ አንዱን እኔ ወሰድሁ። የመንግሥት ፈቃድ አለኝ፤ ሌላው ሰው ሥዕለ ማርያም በሚሰቅልበት ግድግዳ ላይ እሱን በመስተዋት አስገብቼ ሰቅዬዋለሁ። ስሜነሽ የከተማው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። የአባቷን ደኅንነት ልትሰማ እሑድ እሑድ ከአክስቷ ቤት እየመጣች፣ ጽሕፈቷም ያማረ ስለሆነ፣ የራዲዮውን መዝገብ ትይዝልኛለች። ሰው ሲጠይቀን የምንሰጠው መልስ ይኸው ነው፤ ውሸት የለበትም፣ ግን ሁሉንም አይደለም።

ችግሩ ራዲዮው መድከሙ ነበር። ከራዲዮው ወደ አንቴናው በሚወጣው ሽቦ መካከል አንዲት የእጅ ባትሪ አምፑል አስገብቻለሁ፤ ስናገር ወደ አየር የሚወጣው ኃይል በእሷ በኩል ያልፋልና ትበራለች። ኃይሉ ደኅና ሲሆን እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ትሆናለች። በዚያ ሐሙስ ግን እየከሰመ እንዳለ ፍም ቀላች፤ ካሴም «ድምፅህ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል» አለኝ። እኔ እሱን እሰማዋለሁ፤ እሱ ግን እኔን ሊሰማ በመከራ ነው። እንግዲህ በዚህ ድምፅ ነው ዋናው ሽማግሌዬ የኔታ ገብረ ኪዳን ምርቃታቸውን ጎሬ የሚያደርሱት።

ዓርብ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ አብዱረዛቅ ዘንድ ሮጥሁ። አብዱረዛቅ ገበያው ጥግ ሱቅና አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ያላቸው፣ ከተማው የተጣላ እንደሆነ አስታራቂው እሳቸው የሆኑ ሰው ናቸው፤ ከሦስቱ ሽማግሌዎቼም አንዱ ናቸው። ባትሪው ደክሞ ይሆናል ብዬ የመኪናቸውን ባትሪ እንዲያውሱኝ ለመንኋቸው። መኪናዬ እስከ ሰኞ ትቁም፣ ዓላማው መልካም ነው ብለው ራሳቸው ፈትተው ሰጡኝ። አዲሱን ባትሪ አገናኝቼ ብናገር አምፑሏ ያው ቀይ ናት። ኃይል የሚያወጣውን የመስተዋት ቫልቭ ነቅዬ መለዋወጫውን ከተትሁ፤ ቀይ። በካቻቪቴ ያልነካሁት፣ በካውያ ያልበየድሁት ቦታ አልቀረም፤ ቀይ። በመጨረሻ ራሴን ራዲዮው ላይ ደፍቼ ሳለ ስሜነሽ ገባች፣ አየችኝ፣ ሳቀች። ሳቋ ያናድደኛል፣ ግን ያለ እሱ መኖር እንደማልችል ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

«ሕመምተኛው ራዲዮው መሆኑን በምን አወቅህ?» አለች።

የሳይንስ መምህሩ እኔ ነኝ፤ ጥያቄውን የጠየቀችው የአንደኛ ደረጃዋ መምህርት ናት። አፈርሁ። አንቴናውን ከራዲዮው ነቀልሁና በቦታው የቤት አምፑል፣ አርባ ዋት የሚሉትን፣ አሠርሁለት። ተናገርሁ። አምፑሉ ቦግ ብሎ ቤቱን ሞላው። ራዲዮው ኃይል አንድም አልጎደለበትም፤ የሚሰጠው እያለ ውጭ ያለው አልቀበል ብሎታል። ከደስታዬ ብዛት አምፑሉን ይዤ ዘፈንሁ፤ እሷ ደግሞ ሁዳዴ ነው፣ ዘፈን ነውር ነው አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ባሕር ዛፉ ላይ ወጥቼ አንቴናውን አወረድሁ። ሽቦው አልተበጠሰም፣ መገጣጠሚያው አልዛገም። አጽድቼ ሰቀልሁት፤ ቀይ። ስሜነሽ ከታች ድንጋይ ላይ ተቀምጣ መዝገቡን ወደ ኋላ ትገልጣለች። ጥርን ሁሉ «አምፑል ቢጫ» ብላ ጽፋለች። የሁዳዴ የመጀመሪያው እሑድም ቢጫ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እሑድ ብርቱካን፣ ቀጥሎ ቀይ። በመጨረሻው ቢጫ እሑድ ገጽ ላይ ደግሞ በራሷ ጽሕፈት «የኔታ ከካሴ ጋር ጸለዩ» ይላል።

እውነት ነው። የኔታ ገብረ ኪዳን ካሴን ፊደል ያስቆጠሩ የዲማ መምህር ናቸው፤ ለጉዳይ ከተማ መጥተው ሳለ ከተማሪያቸው ጋር በራዲዮ አገናኝቻቸው፣ አቡነ ዘበሰማያትን እዚህና ጎሬ ሆነው አብረው ደግመዋል። እና ምን ይሁን፣ ጸሎት ኃይል ይቀንሳል እንዴ ብዬ ቀለድሁባት።

«ቀነሰ አላልሁም» አለች፤ «ያን ቀን ማን ነበረ ነው የምልህ።»

የነበሩት አከራዬ እትዬ ጥላነሽ ናቸው። ጠላ ጠምቀው የሚሸጡ፣ እጀ ሰፊና አንደበተ ሰፊ ሴት ናቸው። ያን ዕለት በር ላይ ቆመው ጸሎቱን ሰምተው፣ መቃኑን ስመው ሄደዋል። አንቴና ብቻውን አይሠራም፤ ከራዲዮው የወጣ ሌላ ሽቦ በኋላው መስኮት ወርዶ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር ይታሠራል። ብረቱን የራዲዮው እግር ነው ብዬ ያስተዋወቅኋቸው እኔው ነኝ። ሁለታችንም አንድ ላይ ተያየንና ወደ ጓሮ ሮጥን።

ብረቱ ተሸልሟል። ዙሪያው ተጠርጎ፣ በነጭ ድንጋይ ታጥሮ፣ ሥሩ ደረቅ አመድ ተነስንሶ፣ አናቱ ላይ አሮጌ እንቅብ ተደፍቷል። መሬቱን በእጄ ብነካው እንደ ጋን ስባሪ ደርቋል። እትዬ ጥላነሽ ከኋላችን መጡና፣ የምናደንቃቸው መስሏቸው፣ ኩራት በኩራት ሆነው አስረዱን። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠላቸውን አተላ የሚደፉት እዚያ ብረት ሥር ነበር። እንዲያው ያን እሑድ አቡነ ዘበሰማያት በራዲዮው ሲያልፍ ሰምተው፣ ጸሎት በሚያልፍበት ነገር እግር ላይ አተላ ስደፋ ኖርሁ ብለው ነፍሳቸው ተጨነቀች። ለነፍስ አባታቸው ተናዘዙ። ከዚያ ወዲህ ጠብታም አላስጠጉ። ሐሙስ ዕለት ሽማግሌ ሊላክበት ነው ሲባል ደግሞ አመዱን ጨመሩበት።

ደረቅ መሬት ኃይል እንደማይቀበል፣ እርጥብ ግን እንደሚቀበል፣ አተላ ደግሞ ከውኃም ይልቅ እርጥበቱ እንደሚቆይ ግማሽ ሰዓት አስረዳኋቸው። በክፍል ውስጥ እንዲያ አሳምሬ አስተምሬ አላውቅም። እትዬ ጥላነሽ አዳምጠው ሲያበቁ «ልጄ፣ እኔ ለአንተ ብዬ አልኮነንም» አሉኝ። ምንጩ ሩቅ፣ በጋው ደረቅ ቢሆንም በውኃ ልሞክር ብዬ አንድ እንስራ አፈሰስሁ፤ አመዱና ስንጥቁ ጠጥተውት አምፑሏ ቦግ አለችና ወዲያው ቀላች።

መፍትሔው ከዲማ በእግሩ መጣ። የኔታ ለነገው ሽምግልና አመሻሽ ላይ ሲደርሱ ነገሩን ሰሙ፤ እንቅቡን በመቋሚያቸው ጫፍ ገልጠው ብረቱን አዩት፣ ከዚያ እትዬ ጥላነሽን።

«ያን ቀን ጸሎታችን ጎሬ የደረሰው አተላሽ ባራሰው መሬት ነው» አሉ። «አሁንም ጀምሪ።»

እትዬ ጥላነሽ አልቅሰው፣ እጅ ስመው፣ አንድ ባልዲ አተላ ደፉ። ቤት ገብቼ ተናገርሁ፤ አምፑሏ ቢጫ ሆነች። የኔታ ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስቱ ሽማግሌዎች ክፍሌ ገቡ፦ የኔታ፣ አብዱረዛቅ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጎረቤቴ ባላምባራስ ዓባይ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ እስኪባልለት አይቀመጥም፤ በክፍሌ ያለው አንድ ወንበርና አልጋ ስለሆነ ሕጉ ለእኔም ተመችቶኛል። የምትጠየቀው ልጅ ሽማግሌ ባለበት አትገኝም፤ ስለዚህ ስሜነሽ ነጭ ቀሚሷን እንደለበሰች በጓሮ፣ ከመስኮቱ ሥር ቆመች። አምፑሏን በመስኮት ታያለች፤ መቅላት ስትጀምር ለእትዬ ጥላነሽ ምልክት ትሰጣለች፣ እሳቸው ይደፋሉ። አምላክ ይቅር ይበለን፣ ከእሷ የበለጠ ረዳት ከየት ይመጣል።

ካሴ ግራዝማችን ራዲዮው ፊት አስቀምጦ ጠበቀን። በራዲዮ አንዱ ቁልፉን ተጭኖ ሲናገር ሌላው እንደማይናገር፣ ንግግሩን ሲጨርስም «ተራው የእርስዎ ነው» እንደሚል አስረዳኋቸው። ግራዝማች ሥርዓቱን ወደዱት፤ ፍርድ ቤታቸውም እንዲህ ያለ ቁልፍ ቢኖረው ተመኙ። የኔታ ከአዳም ጀመሩ፣ በአብርሃም በኩል አድርገው እኔ ዘንድ ሲደርሱ አተላው አለቀ። በመስኮት የእትዬ ጥላነሽን ባዶ ባልዲ አየሁት። ቀጥሎ ግን የጋን ክዳን ሲነሳ ሰማሁ፤ ለማኅበራቸው የጠመቁትን ጠላ እየቀዱ ነው። አምፑሏ እንዲያ አብርታ አታውቅም።

አብዱረዛቅ በአጭሩ ደገፉ፤ የልጁን ጠባይ በአላህ ስም መሰከሩ። ባላምባራስ ጉልበታቸውን ይዘው «እኔም» ብቻ አሉ። ከዚያ የግራዝማች ተራ ሆነ።

«ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚጠይቅ» አሉ ግራዝማች፤ ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው። «እኔ የማየው ሣጥን ነው። መቆማችሁን በምን አውቃለሁ? ሽማግሌ ደግሞ ለራሱ አይመሰክርም። ምስክር ካለ ይቅረብ፤ ከሌለ ነገ በደጄ የሚቆሙትን አያለሁ። ተራው የእናንተ ነው።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። እኔ ባለጉዳይ ነኝ፤ ምስክርነቴ አይሰማም። እትዬ ጥላነሽ ጋኑ ላይ ናቸው። ማይክሮፎኑ እጄ ላይ እንዳለ ሁሉም ነገር በአንድ ጥያቄ ሊያበቃ መሆኑ ገባኝ። ያን ጊዜ ከመስኮቱ አንድ እጅ ገባ። ጣቶቹ ላይ የመዝገቡ ቀለም አለ። የኔታን አየኋቸው፤ እሳቸው ጣራውን ያያሉ። ማይክሮፎኑን ሰጠኋት፣ ቁልፉን ተጫነች።

«ቆመዋል አባዬ» አለች። «እኔም ቆሜያለሁ።»

ቁልፉን ለቀቀች። ድምፅ ማጉያው ውስጥ የሚሰማው ጭርታ ብቻ ነው። ግራዝማች ልጃቸው የት እንደቆመች፣ ከማን ጋር እንደቆመች፣ ለምን እንደቆመች ለማወቅ የዳኛ ዕውቀት አያሻቸውም። ባላምባራስ ሲያቃስቱ ሰማኋቸው።

«ባላምባራስ ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር» አሉ ግራዝማች በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ሳቅ ይሁን ሌላ፣ አልለየሁትም። «ሁላችሁም ቁጭ በሉ። አንቺም ቁጭ በይ፣ ልጄ።»

ባላምባራስ ጊዜ አልሰጡም፤ አልጋዬ ላይ ዘጭ አሉ። አብዱረዛቅና የኔታ ወንበሩን ተገባበዙ። እኔ የምይዘው አጥቼ በመስኮት ብቅ አልሁ። ስሜነሽ ማይክሮፎኑን እንደታቀፈች፣ አባቷ እንዳዘዟት፣ ጠላ ያራሰው መሬት ላይ በነጭ ቀሚሷ ቁጭ ብላ ነበር።