ከቱቦው የወጡት

መምህርቷ የከተማዋን ጎዳና ተዳዳሪዎች ለመቁጠር በፈቃዷ ስትመዘገብ፣ ባለታክሲው ታላቅ ወንድሟ «ብቻሽንማ አትሄጂም!» ብሎ ሥራውን ትቶ ተከተላት። ለቆጠራ የደረሳቸው ቦታ ከገበያው ጀርባ ያለው ትልቁ የጎርፍ ማፋሰሻ ቱቦ ነበር። ማለዳ ሲደርሱ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ከወደ ተራራው ነጎድጓድ ይሰማል።

ቱቦው አፍ ላይ፣ ላስቲክ የተከናነቡ ግዙፍ ሴትዮ እሳት ያያይዛሉ።

«እንደምን አደሩ፣ እማማ?»

«ይመስገን፣ ልጄ። እማማ ጡሩንባ በይኝ፤ እዚህ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ።»

«ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?»

«ቆይ ይነሡልሽ። የተኛ ሰው ቆጥረሽ ምን ታደርጊዋለሽ?»

ወንድሟ አጎንብሶ ጨለማውን አየና «ከአሥር ቢበልጡ ጆሮዬን ቁረጪው» አላት በሹክሹክታ።

አፉን ሳይገጥም ከላይ የውሃ ጉርምርምታ መጣ። ሴትዮዋ ዘለው ተነሡ።

«ውሃ! ልጆቼ፣ እጅ ለእጅ!»

ጡሩንባ የተባሉት ለምን እንደሆነ መምህርቷ ያኔ ገባት። ድምፃቸው ቱቦውን አናወጠው።

ከዚያማ መሬት የምትወልደው ይመስል ሰው ይወጣ ጀመር። ሕፃን ያዘለች እናት፣ ሽማግሌ ያዘለ ጎረምሳ፣ በአንድ እግሩ የሚያነክስ ሰው፣ ሁሉም የፊተኛውን እጅ ይዞ። የሚገፋ የለም፤ የሚጮህ የለም። መምህርቷ ቁጥሩ ጠፋባት። አፋፉ ጭቃ ሆኖ ሲያዳልጣቸው ወረቀቷን ጥላ እጇን ዘረጋች። ወንድሟም እሷን በወገቧ ያዛት።

ሁሉም አፋፉ ላይ ሲደርሱ እማማ ጡሩንባ እያንዳንዱን ራሳቸው ባወጡለት ስም መጥራት ጀመሩ።

«ሊቀ መንበር!»

«አለሁ!»

«ፀጉር አስተካካይ!»

«አለሁ፣ እማማ!»

አንዱንም አልዘለሉም። «ዝምተኛው!» ሲሉ ግን መልስ ጠፋ። መናገር የማይችል ሰው ነው፤ ሲጠሩት ያፏጫል። ሰዉ ሁሉ ጆሮውን ወደ ቱቦው አዘነበለ። ከቱቦው ውስጥ ቀጭን ፉጨት መጣ።

ማንም ሳያዝዝ ሰንሰለቱ እንደገና ተሠራ፣ ወደ ውስጥ። ውሃው ከወገብ በላይ ነበር። መምህርቷም መሀል ገብታ አንድ ሻካራ እጅ በቀኟ፣ አንድ ቀዝቃዛ እጅ በግራዋ ይዛ ቆመች። በሕይወቷ እንደዚያ አጥብቆ የያዛት ሰው አልነበረም። ዝምተኛው ሲወጣ ጀርባው ላይ አንድ የማያውቁት ሰው ተሸክሟል።

«ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉ እማማ ጡሩንባ።

ዝምተኛው በእጁ አስረዳቸው፤ ሰውየው ሌሊት በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ የገባ እንግዳ ነው። ስም አላወጡለትም፤ መኖሩንም ከዝምተኛው በቀር ያወቀ የለም።

ወንድሟ በሽተኛውን ታክሲው ውስጥ አስተኝቶ ወደ ሆስፒታል ከነፈ።

ዝናቡ ሲያባራ መምህርቷ በገበያው በረንዳ በተጠለሉት መሀል እየዞረች እያንዳንዱን አነጋገረች። ከየት እንደመጣ፣ ምን ይሠራ እንደነበር፣ ማን እንዳለው። ከሰባ በላይ ነበሩ። አንዷ አዋላጅ ነበረች፣ አንዱ ግንበኛ። እንባዋ ቢመጣም አላፈረችበትም፤ የኀዘን አልነበረም። ትልቅ ተራራ ሥር የቆመ ሰው የሚሰማው ዓይነት ስሜት ነው የወረራት።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩን ስትለምን ዋለች። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ተዘግቶ ነበርና፣ ዝናቡ እስኪያልፍ ክፍሎቹ ተከፈቱላቸው። ሆስፒታል ታክሞ የዳነውን እንግዳ ወንድሟ ራሱ አመጣው፤ እማማ ጡሩንባም በሩ ላይ ተቀብለው ስም አወጡለት።