የናሌዲ መንጋጋ

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ትላላኔ ሌሶቶ ተራሮች ላይ ካለችው ሴሞንኮንግ ከተማ ደርሳ ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ፣ ሽማግሌው ሌባኬንግ ብርድ ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ ከች አሉ። አንዱ ጉንጫቸው አብጧል።

«ልጄ፣ ፈረሴ ናሌዲ ላይ አስደግመውባታል! ልጓሟን ስስብ ራሷን ትወረውራለች። ትናንት ድንጋይ ላይ ጣለችኝ። ከስታለችም። ውድድሩ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶት! ጠንከር ያለ ልጓም ልግዛላት?»

«ይቆዩ፣ ንታቴ» አለች፣ በአገሩ ወግ «አባቴ» ማለቷ ነው። «መጀመሪያ ልያት።»

ጋጣው ውስጥ ትላላኔ ቀድማ ያየችው ፈረሷን ሳይሆን መሬቱን ነበር። ግርግሙ ስር በምራቅ የራሰ፣ ግማሹ የታኘከ ድርቆሽ ተድቦልቡሎ ወድቋል።

«ይሄን አላዩም?»

«አየሁት። ጥጋብ መስሎኝ!»

ትላላኔ የሚያረጋጋ መርፌ ወጋቻት። ናሌዲ እንደ ሰከረ ሰው መወዛወዝ ስትጀምር አፏን ከፍታ በባትሪ አየች። የላይኛው መንጋጋ ጠርዝ ሾሎ ጉንጯን ቦጫጭቆታል።

«ቀስ ብለው ይዳስሱት።»

ሽማግሌው ዳሰሱና እጃቸውን ሳብ አደረጉ። «ውይ! እኔ እዚህ ላይ ነው ልጓም ስጎትት የከረምኩት?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ማንም አልደገመባትም። በዓመት አንዴ አፏን ያስመርምሩ። መኖ ከጣለች፣ ራሷን ካወዛወዘች፣ ከመቆጣትዎ በፊት አፏን ያስቡ። ጠንካራ ልጓሙንማ ይርሱት።»

ትላላኔ የሾለውን ጠርዝ ስትሞርድ፣ ሞረዱ መንጋጋው ላይ ሲፋጭ ሽማግሌው የራሳቸውን ጉንጭ ጭምቅ አድርገው ያዙ። ባለቤታቸው ማሞሳ በሩ ላይ ሆነው በሳቅ ፈነዱ።

«ዶክተር፣ ስትጨርሺ ወደዚህኛውም ዙሪ! ስድስት ወር ሙሉ በአንድ ጎኑ ነው የሚያኝከው!»

«እኔ እኮ የፈረስ ሐኪም ነኝ!»

«ታዲያ ምን ልዩነት አላቸው?»

ትላላኔም ሳቀች። «እንግዲያውስ ንታቴ፣ እንስማማ። ናሌዲ ሳምንቱን አርፋ የራሰ መኖ ትበላለች። እርስዎ ደግሞ ነገ ጤና ጣቢያ ሄደው ጥርስዎን ይታያሉ። እምቢ ካሉ ለውድድሩ ብቁ ናት ብዬ አልፈርምም።»

ሽማግሌው አጉረመረሙ፤ ግን ሄዱ። አንድ ጥርሳቸውን አስነቅለው በሳምንቱ የተጠበሰ በቆሎ ሲግጡ ታዩ።

በውድድሩ ቀን ናሌዲ ሦስተኛ ወጣች። ሽማግሌው ግን ከአሸናፊው ፈረስ ባለቤት በላይ በደስታ ዘለሉ፤ ማሞሳን እጃቸውን ይዘው አቧራው ውስጥ አስጨፈሯቸው። ከዚያ ፈረሰኛውን ሁሉ እየዞሩ፣ «የፈረስህን አፍ አይተሃል? በል ና!» እያሉ ወደ ትላላኔ ይጎትቱ ጀመር።

ትላላኔ ቀና ስትል አሥራ አንድ ፈረስ ተሰልፎ ይጠብቃታል። እየሳቀች እጅጌዋን ሰበሰበች።