ዝም ብሎ የተገኘ ሥራ

መልካሙ ከኩባንያው ወጥቶ የግሉን የኤሌክትሪክ ሥራ የጀመረ ሰሞን ስልኩ ጭራሽ አልጮህ አለ። ስሙንና ቁጥሩን መኪናው ጎን ላይ አጻፈ። በኢየሩሳሌሙ የቂርያት ሃዮቨል ሰፈር በየሕንፃው መግቢያ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ በየዋትሳፑ ቡድን «ፈቃድ ያለው፣ ሰዓት አክባሪ» እያለ ራሱን አሞገሰ። የሚደውሉለት ግን አምፖል የሚያስቀይሩ አሮጊቶችና ዋጋ ጠይቀው የሚጠፉ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሚስቱ ልቅናሽ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። እሷ ተጨማሪ ፈረቃ በያዘች ቁጥር እሱ አንገቱን ይደፋል።

በመጨረሻ ጋሼ ስሜነህን ሊያማክር ሄደ። መልካሙ ከሠራዊቱ እንደወጣ ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ከተማው መሃል ኢትዮጵያ ጎዳና በሚባለውና በዙሪያው ባሉት የድንጋይ ቤቶች ውስጥ እሳቸው ያልዘረጉት ሽቦ ጥቂት ነው።

«የዓይኔን ሞራ ሊገፍፉልኝ ነው፤ ለጊዜው መሥራት አልችልም» አሉት። «ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ ሾሻና የምትባል የሕንፃ ኮሚቴ ሰብሳቢ አለች። የደረጃው መብራት ጠፍቶባታል። ያስተማርሁትን ልጅ እልክልሻለሁ ብያታለሁና ሂድ። አንድ ሕንፃ ካመነህ ሌላውን እሱ ያመጣልሃል።»

መልካሙ በማግስቱ ሄደ። ደረጃው ላይ የተቃጠለ ሽታ ነበር። የሽቦ ማገናኛ ሳጥኑን ሲከፍት የጋሼ ስሜነህን እጅ አወቀው፤ እያንዳንዱ ማያያዣ ጥብቅ፣ ንጹሕ። ሽቦውን እየተከተለ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣ። አንዱ ተከራይ ኮሪደሩ ላይ መደርደሪያ ሰቅሏል፤ ረጅሙ ብሎን ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ወግቶት ልስኑ ጠቁሯል። መልካሙ ብሎኑን ነቀለ፣ ሽቦውን ቀየረ፣ ቀዳዳውን ደፈነ። መብራቱ በራ።

ሾሻና ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ከታች ቆማ ትጠብቀው ነበር።

«የስሜነህ ጥፋት ነው አይደል?» አለችው በዕብራይስጥ። «እዚህ ደረጃ ላይ በቅርቡ ሠርቶ ነበር። ዓይኑ እኮ አያይም!»

መልካሙ አፉን ከፈተ። የብሎኑ ነገር ምላሱ ላይ ነበር።

«ሽቦው ተቃጥሎ ነበር» አለ። «አሁን አያሰጋም።»

«ልትሸፍንለት ነው፤ ልብህ ደግ ነው። ከአሁን ወዲያ ሕንፃውን አንተ ያዝልን። ጎረቤቶቼም ሰው ይፈልጋሉ።»

«አመሰግናለሁ» አለ መልካሙ።

መኪናው ውስጥ ገብቶ፣ አልዋሸሁም፣ አለ ለራሱ። አንዲት የሐሰት ቃል ከአፌ አልወጣችም።

ሾሻና በሰፈሩ የዋትሳፕ ቡድን «የበፊቱ ሠራተኛ ሊያቃጥለን ነበር፤ መልካሙ አተረፈን» ብላ ጻፈች። ከዚያ ስልኩ ፋታ አልሰጠው አለ። በዚያው ጎዳና ካለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አጥር ማዶ ያለ የእንግዳ ማረፊያ በየወሩ እየመጣ እንዲፈትሽለት ተዋዋለው። ሌሎች የሕንፃ ኮሚቴዎችም ተከተሉ። ልቅናሽ ተጨማሪውን ፈረቃ ተወች፤ ፊቷ በራ። እሱ ግን በዚያ ጎዳና ላይ ሲሄድ ሰው ስሙን ከጠራው ይደነግጥ ነበር። ጋሼ ስሜነህን ሊጠይቅ አስቦ፣ ዛሬ ነገ እያለ ሰነበተ።

ሲሄድ ሽማግሌው የሥራ ዕቃቸውን ሁሉ ሳጥን ውስጥ ከትተው አገኛቸው።

«ደህና መጣህ፤ ይህን ውሰደው» አሉት። «እኔ አበቃሁ።»

«ዓይንዎ አልዳነም እንዴ?»

«ዓይኔስ ድኗል። ሾሻና ደውላ ነገረችኝ። አንተ ደርሰህ ባታድናቸው ቤቱ ይቃጠል ነበር አለችኝ። አጥብቄ ያሰርሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ዓይኔ ከድቶኛል። ልጆች የሚወጡበት ደረጃ እኮ ነው መልካሙ! ሌላውንስ ስንቱን ቤት እንዲህ አድርጌው ይሆን? ባለፈው ሳምንት በየቤቱ እየዞርሁ፣ በነፃ ልፈትሽላችሁ ብዬ ለመንሁ። የከፈተልኝ የለም። አንዷማ ከበሩ ኋላ ሆና፣ አንተ ነህ አይደል ያ ሰውዬ፣ አለችኝ።»

መልካሙ ስለ ብሎኑ ሳይነግራቸው ሳጥኑን ተሸክሞ ወጣ።

ልቅናሽ ሳጥኑን ቤት ውስጥ ስታይ «የማነው?» አለችው። ያን ጊዜ የብሎኑን ነገር ነገራት።

«እና የእሳቸውን ዕቃ ተሸክመህ መጣህ?» አለችው። «እኔስ ስበላው የከረምሁት ይህንን ነው?»

ጠዋት ሾሻና ዘንድ ሄዶ ሳይቀመጥ ነገራት።

«ጠይቄህ ነበር እኮ!» አለች ሾሻና፣ ፊቷ ቀልቶ።

«ጠይቀሽኝ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ! ሽማግሌውን ደውዬ ሰደብሁት!» በሩን ያዘች። «ሁለተኛ እዚህ አትምጣ።»

መልካሙ ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ ስለ ብሎኑም ስለ ዝምታውም በራሱ እጅ ለሰፈሩ ቡድን ጻፈ። የእንግዳ ማረፊያው ውሉን አፈረሰ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ቀሩ።

ከዚያ ሳጥኑን ይዞ ወደ ጋሼ ስሜነህ ተመለሰ። ቆሞ ሁሉንም ነገራቸው።

«ማያያዣዎቹስ?» አሉ ሽማግሌው።

«ጥብቅ ነበሩ። አንድም የላላ አልነበረም።»

ጋሼ ስሜነህ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲወርድ መልካሙ አየ። ቆይተው ቀና አሉ።

«በየቤቱ ስዞር ታውቅ ነበር?»

«አላወቅሁም።»

«ስነግርህስ?»

«ያን ጊዜ አወቅሁ። አውቄ ነው ዕቃዎን ተሸክሜ የወጣሁት።»

ሽማግሌው ሳጥኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«እንግዲህ ይሂዱ» አሉት። «ስለነገሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

አንቱታው ከስድብ በላይ ጎዳው። ይቅር ይበሉኝ ሊል አስቦ አፈረ፤ ጫማቸውን እያየ ወጣ።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ሲጋል የምትባል ሴት ደወለች። ቂርያት ሃዮቨል ውስጥ ያሉ መዋእለ ሕፃናትን የምታስተዳድር ናት፤ መልካሙ ለሰፈሩ ቡድን የጻፈውን አንድ ሰው አሳይቷታል።

«በራሱ ላይ የሚመሰክር ሠራተኛ ነው የምፈልገው» አለችው። «ዓመቱን ሙሉ ሥራ አለኝ።»

መልካሙ ደስታ ሳይሆን ሐፍረት ተሰማው። ዝም ብሎ አተረፈ፣ ተናግሮም ሊያተርፍ ነው፤ ጋሼ ስሜነህ ግን በሁለቱም አልተጠቀሙም።

«መጀመሪያ ለእሳቸው ደውይ» አላት፤ ቁጥራቸውን ሰጣት። «ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው አልፈልግም ካሉ ብቻ ጥሪኝ።»

ሲጋል ከጥቂት ቀን በኋላ መልሳ ደወለች። ሽማግሌው ለቤታቸው ቅርብ የሆኑትን መዋእለ ሕፃናት ይዘዋል።

«የቀሩት ይርቁኛል አለኝ። ማንን ልያዝ ብዬ ጠየቅሁት።»

«ምን አሉሽ?»

«መልካሙን ያዢው፤ እጁ ጥሩ ነው አለኝ። ስለ ሌላው ነገር አትጠይቂኝ ብሎ ስልኩን ዘጋው።»

መልካሙ ሥራውን ተቀበለ። የዚያን ዕለት ጋሼ ስሜነህ ዘንድ ደወለ፤ አላነሱም። በማግስቱም ደወለ።