ማግኔት የማይለየው

ሃብተሚካኤል በስስ ወረቀት የጠቀለለውን ማግኔት ወደ ድብልቁ ዝቅ ሲያደርግ፣ የብረቱ ብናኝ ከቢጫው ድኝ ውስጥ እየዘለለ ወጣና እንደ ጃርት እሾህ ቆመ።

"አያችሁ? ይህ ድብልቅ ነው። ብረቱ ብረትነቱን፣ ድኙም ድኝነቱን አልተወም። ጎን ለጎን ተቀመጡ እንጂ አልተዋሐዱም።"

የቀረውን ድብልቅ በመስታወት ቱቦ አድርጎ እሳት ላይ ያዘው። ከቱቦው ሥር ፍም ታየ፤ እሳቱን ካራቀውም በኋላ ግለቱ በራሱ ኃይል ወደ ላይ ተዛመተ። ሲቀዘቅዝ ቱቦውን በመዶሻ ሰብሮ ጥቁር ጓል አወጣ። ማግኔቱን አስጠጋው። ጓሉ አልተነቃነቀም።

"ይህ ውሁድ ነው። አሁን ብረትም የለም፣ ድኝም የለም። የራሱ ጠባይ ያለው ሦስተኛ ነገር ሆኗል።"

ከፊተኛው ወንበር ጽገረዳ እጇን አነሣች። ጥያቄ የማያልቅባት ልጅ ነበረች።

"መምህር፣ እንግዲያው ፌዴሬሽኑ ድብልቅ ነበር ማለት ነው?"

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ከኋላ አንዱ በትግርኛ፣ "ጓሉ እኛ ነና!" ብሎ ጨመረበት። አገራቸውን ከመሀል አገር ጋር ጎን ለጎን ያኖረው ፌዴሬሽን ፈርሶ በውሕደት ከተተካ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ሃብተሚካኤል ሳቅ ያመለጠውን ከንፈሩን እስኪያስተካክል ድረስ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዞረ።

"ይህ የኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ነው" አለ። ደወሉ አዳነው።

በማግስቱ ጠዋት ርእሰ መምህሩ አስጠሩት። አቶ ጋሻው ከመሀል አገር ተሹመው የመጡ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ወንበር አሳዩት፤ ሻሂም አዘዙለት።

"መምህር ሃብተሚካኤል፣ ትናንት ክፍልዎ ውስጥ ጨዋታ ደምቆ ነበር አሉ።"

"ልጆች ናቸው፣ ጌታዬ። ሳቁ።"

"የልጆቹን ሳቅ እንተወው። 'እኛንም እሳት ላይ አቆዩን፤ ከእንግዲህ ማግኔት አይለየንም' ያሉትስ እርስዎ አይደሉም?"

ብርጭቆው ከአፉ ሳይደርስ ቆመ። ያን ቃል ክፍል ውስጥ አልተናገረውም። የተናገረው ባለፈው ቅዳሜ መደበር በሚባለው የብረታ ብረት ገበያ ነው፤ አንጥረኞቹ አሮጌ በርሜል በሚቀጠቅጡበት፣ ሰው የገዛ ድምፁን በማይሰማበት ቦታ። ብረት ከሚጨብጠው ሞርሳ ሥር የረገፈውን የብረት ብናኝ እየጠረገ፣ ከረጢቱን ወደያዘለት ሰው ጆሮ ተጠግቶ ነበር ያለው። ከረጢቱን የያዘለት ኣስፍሃ ነው፤ የፊዚክስ መምህሩ፣ አብሮ አደግ ጓደኛው፣ የልጁ የክርስትና አባት። ኣስፍሃ ያን ቀን ዕንባው እስኪወርድ ስቆ ነበር።

"ክፉ አልመኝልዎትም" አሉ አቶ ጋሻው። "ግን ነገሩ ከእኔ እጅ ወጥቷል፤ የበላዮቹ አንድ ሰው ይፈልጋሉ። ተማሪዎቹን ብጠይቅ ሁሉም 'አልሰማንም' አሉኝ። ጥያቄውን ያነሣውን ልጅ ስም ይስጡኝ፤ የእርስዎ ጉዳይ በተግሣጽ ያልቃል።"

"ካልሰጠሁስ?"

"ጥያቄውም ቀልዱም የእርስዎ ይሆናል። ወለጋ መምህር ይፈለጋል። እስከ ምሳ ድረስ ያስቡበት።"

ሃብተሚካኤል እዳጋ ሓሙስ በሚባለው ሰፈር አልጋ ላይ የዋለችውን እናቱን አሰበ። እሷን ይዞ ወለጋ አይገባም፤ ጥሏትም አይሄድም።

ሁለቱ መምህራን በሚጋሩት ቤተ ሙከራ ኣስፍሃ ንጹሑን ሚዛን እየወለወለ ነበር። ቀና አላለም።

"የመደበሩን ቃል ማን ነገራቸው?" አለው ሃብተሚካኤል በትግርኛ።

ኣስፍሃ ጨርቁን አጥፎ እንደገና ዘረጋው።

"የጸጥታ ሰዎች ማታ ቤቴ መጡ። ስለ ብናኙ ነው የጠየቁኝ። ሁለት መምህራን ብረትና ድኝ በከረጢት ተሸክመው ያየ ሰው፣ ባሩድ ሊሠሩ ነው ብሎ ነግሯቸዋል። ለትምህርት ነው ብል ማን ይመነኝ? ስንቀልድ እንደዋልን እንዲያውቁ ብዬ ነገርኳቸው።"

"የቀለድነውን? ወይስ የቀለድኩትን?"

"ልጆች አሉኝ፣ ሓወይ" አለ እንደ ወንድም እየለመነ።

"አውቃለሁ። አንዱን በክርስትና ያቀፍኩት እኔ ነኝ፤ አንተም የእኔን።"

"ስለ ልጅቷ ትናንት የነገርከኝን ግን አልነገርኳቸውም። ስሟን ላንተ ተውኩልህ።" ድምፁ እንደ ውለታ ሰጪ ለስልሶ ነበር። "ንገራቸው። ሴት ልጅ ናት፤ ገሥጸው ይለቋታል። አንተ የምትጦራት እናት አለችህ።"

ሃብተሚካኤል ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሄደ። ደረጃውን ሲወጣ ለእናቱ የሚነግራት ቃል ፈለገ።

"ጌታዬ፣ ጥያቄውን ያነሣሁት እኔ ነኝ" አለ አቶ ጋሻው ፊት ቆሞ። "ለማስተማር ብዬ።"

አቶ ጋሻው መነጽራቸውን አወለቁ። "ወላጅ እንዳለዎት ሰምቻለሁ።"

"አዎ፣ እናት አለችኝ።"

"እንግዲህ ወለጋ..." አሉና ሳይጨርሱት መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ።

ሲመለስ ኣስፍሃ እዚያው ነበር፤ ሚዛኑ ይበልጥ ጠርቷል።

"ምን አልካቸው? ሰጠሃቸው?"

እስከ ትናንት ድረስ ሃብተሚካኤል የሆነውን ሁሉ አስቀድሞ የሚነግረው ለኣስፍሃ ነበር። አሁን ከማግኔቱ ላይ ወረቀቱን ቀስ ብሎ ገፈፈ፤ ብናኙ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። ብናኙን በመዳፉ ሰብስቦ ብልቃጡ ውስጥ መለሰ። ጥቁሩን ጓል ከጎኑ አኖረ፤ ቁም ሣጥኑን ቆለፈ።

"ሃብተ? ሓወይ፣ ምን አልካቸው?"

ቁልፉ ሁልጊዜ የሚሰቀለው ሁለቱም በሚደርሱበት፣ በሩ አጠገብ ባለው ሚስማር ላይ ነበር። ሃብተሚካኤል ሚስማሩ ዘንድ ሲደርስ እጁን አነሣ፤ መልሶ አወረደውና ቁልፉን ኪሱ ከቶ ወጣ።